ከሁሉ ኋላ የምትሄደው ኤኒድ

ኤኒድ ሜትካፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ሄዳለች። ሰልፉን ከፊት የምመራው እኔ፣ ከኋላ የምትዘጋው እሷ ስለነበረች ፊቷን በደንብ የማየው ምሳ ላይ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ አውቃታለሁ ብዬ እመጻደቅ ነበር።

የእኛ የእግረኞች ማኅበር በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ኮረብታ ይወጣል፤ ዝናብ አይል፣ ውርጭ አይል። በሞቃቱ ወራት ማንም ይራመዳል። እግረኛ የሚለየው የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ ሣሩ ነጥቶ፣ በግ የሄደበት ጭቃ ደርቆ ጫማ ሲያጣምም ነው። ደንቦቻችን ጥቂት ናቸው። ሁሉም በስሙ ይጠራል፤ አንቱታ የለም። መሪው ካርታ ይይዛል፣ ሰው ይቆጥራል። ከሁሉ ኋላ የሚሄደውን ጭራ እንለዋለን። ጭራ በጎቹ እንዳይወጡ የግጦሹን በር ሁሉ ይዘጋል፤ ከእሱ በኋላ ሰው አይኖርም።

ከሁሉ የሚከበረው ግን የቦርሳው ደንብ ነው። አንድ ሰው ሽንቱን ሊሸና ከመንገድ ሲወጣ የጀርባ ቦርሳውን መንገዱ ዳር ያስቀምጣል። ከኋላው ያሉት አይተው እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ፤ ጭራው ቦርሳው ጋ ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቃል። ማንም ቃል አይተነፍስም። እኛ አገር ሰው ሽንቴ መጣ ብሎ ከሚያውጅ ቢሞት ይመርጣል።

ኤኒድ ወጣትነቷን የጨረሰችው ስልከኛ ሆና ነው። ሠላሳ ዓመት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ የሸለቆውን ሰው እርስ በርስ ስታገናኝ ኖረች። ደዋዩ ቁጥር ሳይናገር በአተነፋፈሱ ታውቀው ነበር። አንድ ቀን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እህቷ ጋ እንድታገናኛት ብትጠይቃት፣ «እህትሽ ትቆይ፤ ትንፋሽሽን አልወደድኩትም» ብላ ሐኪም ቤት አገናኘቻት። ሴትዮዋ ዛሬም ዳቦ ትሸጣለች። በኋላ ሰው ራሱ የሚደውልበት ማሽን መጣና ኤኒድን በአርባ ስምንት ዓመቷ አሰናበቷት። ባል አላገባችም። ሲጠይቋት፣ «ሸለቆውን በሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ አንዱን ብቻ ዕድሜ ልክ ለመስማት ትዕግሥት አጣሁ» ትል ነበር። ከሥራ በወጣች በወሩ ወደ እኛ መጣችና፣ ማንም የማይፈልገውን የጭራነት ቦታ ለምና ወሰደች። ከዚያ ወዲያ የሳምንቱ ሌሎች ቀናት እሑድን የምትጠብቅባቸው ብቻ ሆኑ።

እኔ ሬይመንድ እባላለሁ። ሥራዬ የአውቶቡስ መነሻና መድረሻ ሰዓት ማውጣት ነበር። ቁጥሩ ልክ ከመጣ ዓለም ልክ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

ጉዱ የተፈጠረበት እሑድ ጠዋት ኪሴ ውስጥ የኮሚቴው ደብዳቤ ነበር። ኤኒድ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ውለታዋ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ከዛሬ በኋላ ጭራነቱን ለሌላ ታስረክብ ይላል። ከመነሳታችን በፊት እንድሰጣት አደራ ተብያለሁ። መጣች፤ ያችን አረንጓዴ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

«ሬይመንድ፣ ኪስህ ውስጥ ምንድነው የሚንኮሻኮሸው?» አለችኝ።

«ሳንዱች ነው» አልኩ።

«ሳንዱች እንዲህ አይልም።»

ምሳ ላይ እሰጣታለሁ አልኩ ለራሴ። ሰው ቆጠርኩ፤ ከእኔና ከእሷ ጋር አሥራ አራት። ተነሳን።

ምሳ የበላነው አንድ የተተወ የበጎች በረት ውስጥ፣ በድንጋዩ ከነፋስ ተከልለን ነው። ፔርሙዞች ተከፈቱ። ክሊፎርድ አልደርሰን፣ የድሮው ድንጋይ ፈላጭ፣ ጉልበቱን እያሸ ተቀመጠ። ይህ ጉልበቱ በተራመደ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ሞሪን የምትባለው ቀልደኛችን «ክሊፎርድ፣ ዘይት አስቀባው እንጂ፣ በጎቹ ደነገጡ» እያለች ዓመቱን ሙሉ ትሳለቅበታለች። እሱም ፈገግ ይላል። ሞሪን ያን ቀን ወደ እኔም ዞረች።

«አንተስ ምን ሆነህ ነው? አውቶቡስ ያመለጠው ሰው መስለሃል!»

ደብዳቤውን ዳሰስኩት። ኤኒድ ከኬኳ ላይ ቆርሳ ዘረጋችልኝ። በላሁ እንጂ አልሰጠኋትም። እንግዲህ ወደ ቤት ስንቃረብ ይሁን አልኩ።

ገና ሳንነሳ ጉሙ ወረደብን። ከላይ ጀምሮ ተራራውን እየዋጠ መጣና ከአምስት እርምጃ በላይ የሚታይ ነገር ጠፋ። አካባቢው ደግሞ የድሮ የእርሳስ ማዕድን አውጪዎች የቆፋፈሩት ነው፤ ከመንገዱ ወጣ ካሉ አፋቸውን የከፈቱ ጉድጓዶች አሉ። ሰዉን አቀራርቤ በዝግታ መራሁ። አንድ የፈረሰ የኖራ ማቃጠያ ምድጃ አለፍን፣ ቀጥሎ ገላጣውን አቋረጥንና የድንጋዩ አጥር ጋ ደረስን። አጥሩን የሚሻገሩት በላዩ በተሠራ ደረጃ ነው። ቀድሜ ተሻግሬ ማዶ ቆምኩና፣ አንድ በአንድ ሲወርዱ ትከሻቸውን እየነካሁ ቆጠርኩ። ኮፍያ ደፍቶ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ ሁሉም ያው ነው። ኤኒድ ስትወርድ አሥራ አራት ሞላ። ልቤ ረጋ።

ሦስት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን ከኋላ ፊሽካ ሦስት ጊዜ ተነፋ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ኤኒድ ሦስት ጊዜ ስትነፋ ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም ቆመን ወደ እሷ ተመለስን።

«ክሊፎርድ የለም» አለች።

«እንዴት አይኖርም! አሁን ነው የቆጠርኩት፤ አሥራ አራት ነን።»

«ቁጥርህን አልነካሁብህም። ክሊፎርድ ግን የለም።»

«አንቺ ሴት፣ በእጄ እየነካሁ እኮ ነው የቆጠርኩት!»

«ደረጃው ላይ ከአንተ በኋላ፣ ከእኔ በፊት አሥራ ሁለት ሰው ወጣ። ጉልበቱ ቀጭ ያለ ግን አልነበረም፤ እስካሁንም ብጠብቅ የለም። በዚያ ላይ አንደኛው ጫማው አዲስ ነው፣ ሲጥ ሲጥ ይላል። የእኛ ጫማ አይደለም።»

እርስ በርስ ተያየን። ኮፍያ ተገለጠ፣ ሻርፕ ወረደ። ከመሃላችን አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ ናይጀል እባላለሁ» አለ። «መንገድ ጠፍቶብኝ ነበር። ምድጃው አጠገብ ስታልፉ አየሁና… እናንተ መንገዱን የምታውቁ ስለመሰላችሁኝ መሃላችሁ ገባሁ። ለመጠየቅ አፍሬ ነው።»

«እኔ እኮ የሬይመንድ የእህት ልጅ መስሎኝ ከረሜላ ሰጥቼዋለሁ!» አለች ሞሪን።

«እኔ ለሙከራ የመጣ አዲስ አባል ነው ብዬ…» አለ ሌላው።

«ታዲያ አንተ ማነህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም?» ብዬ ጮህኩ። ማን ነህ ብሎ ሰው ፊት መጠየቅ እኛ ዘንድ እንዴት ይደረጋል? ትከሻውን ነክቼ የቆጠርኩትም እኔ ራሴ አልጠየቅሁትም። ያ ልክ የመጣው ቁጥሬ አንድ የሰባ አንድ ዓመት ሰው በውርጭ ላይ አስጥሎ አስኪዶኛል። ሊጨልም የቀረው ደግሞ ሦስት ሰዓት አይሞላም።

«ክሊፎርድን መጨረሻ ያየው ማነው?» አልኩ።

ሞሪን ቀልዷ ጠፋ። «ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ ምድጃው ጀርባ ሲዞር አይቻለሁ። ቀዩን ቦርሳ። ያው ኤኒድ ትጠብቀዋለች ብዬ አለፍኩ።»

ሁላችንም ኤኒድን አየናት። እኔ ስደርስ ቦርሳ አልነበረም ብትል ማን ይመሰክርባት ነበር? ጉም ነው፣ ተንከባሎ ይሆናል ብትል ሁላችንም እናምናት ነበር። ፊሽካዋን በእጇ ጨበጠች።

«ቦርሳው ነበረ» አለች። «እኔ ነኝ አልፌው የሄድኩት። አላየሁትም። ዓይኔ ሄዷል።»

«በዚህ ጉም ማን ያያል፣ የኔ እመቤት» አለች ሞሪን።

«ጉሙ አይደለም፣ አትሸፋፍኚልኝ። ሁለት ዓመት ሆነው። መሃል መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረኝ። ሞሪን፣ አሁን ሳይሽ ጆሮዎችሽ አሉ፣ ፊትሽ የለም። ብናገር ጭራነቱን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ደበቅኩ። እስካሁን በድምፃችሁ ነበር የምከተላችሁ።»

ሁለት ዓመት! ዓይኗ እየጠፋ፣ በእያንዳንዱ ገደል ጫፍ፣ በእያንዳንዱ ጅረት፣ ከሁላችን ኋላ ብቻዋን መጥታለች። አንድ በር ክፍት አልቀረም። ይኸ ደግሞ ቆሜ ላደንቀው የሚገባ ነገር ሆኖ ሳለ እኔ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። ሰዉ አጥሩን ይዞ እንዲቀመጥ አዘዝኩ። ኮምፓሴን አወጣሁ።

«አብሬህ እመጣለሁ» አለች ኤኒድ።

«አሁን ነገርሽን እኮ፤ አታዪም!»

«አንተስ ታያለህ?»

እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ልይ ብል አጣኋቸው። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ የራሴ ክንድ ክርኔ ላይ ያበቃ ነበር። ኤኒድ ፊሽካዋን ለሞሪን ሰጥታ፣ «በየደቂቃው ንፊልን፤ በእሱ እንመለሳለን» አለቻትና ደረጃውን ወጣች። ተከተልኳት። የጀርባ ቦርሳዋን ማሰሪያ ያዝኩ። ከፊቴ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው።

በእግሯ ትዳስሳለች። ከደረጃው በኋላ ሣር፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ የረገበ አፈር፤ እያንዳንዱን ከመድረሳችን በፊት ትነግረኛለች፣ እንዳለችውም ይመጣል። ቅድም ሳልሰማው ያለፍኩት ጅረት መኖሩን ያወቅሁት እሷ ስትነግረኝ ነው። ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ሲከፈል መሰለኝ። በቀኝ በኩል ያለውን በእግሬ ስዳስሰው በደንብ የተረገጠ ነው።

«በቀኝ ነው» ብዬ ጎተትኳት።

ቆመች። «ውሃው የት ነው?»

«ከኋላችን ነው መሰለኝ።»

«ስንመጣ በቀኝ ጆሮዬ ነበር። ስንመለስ በግራ መሆን አለበት። ከኋላችን ከሆነ ጠፍተናል ማለት ነው። ያንተ መንገድ የበግ ነው። እስቲ ድንጋይ ወርውር።»

ጎንበስ ብዬ አንድ ድንጋይ አነሳሁና በዚያ በደንብ በተረገጠው መንገድ አቅጣጫ ወረወርኩ። ሲወድቅ አልተሰማም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ከዚያ ከምድር ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ውሃ ጧ አለ። ጉድጓዱ ከቆምንበት ስድስት እርምጃ አይርቅም ነበር።

«ሰማህ?» አለች፤ ድምፅዋ መስመር እንደምታገናኝ ስልከኛ ረጋ ያለ ነው። «ያዘኝና ና።»

ከዚያ በኋላ ካርታውንም ኮምፓሱንም ኪሴ ከተትኩ። በግራ ጆሮዋ ውሃውን ይዛ መራችኝ። ሰው የሚያውቀውን ሰው እንደ አዲስ ሲያይ የሚሰማውን እኔ ያኔ ተሰማኝ፤ ከመደነቄ የተነሳ ፍርሃቴን ረሳሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ካርታ ዘርግቼ ከፊቷ የሄድኩበትን ተራራ እሷ በሙሉ ጆሮዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ድንገት ክንዴን ጨበጠች። «ጸጥ በል። አዳምጥ።»

አዳመጥኩ፤ ምንም የለም።

«ጉልበቱ» አለች፤ ካወቅኋት ቀን ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እግሩን እያሞቀ ነው።»

ሃያ እርምጃ ሄደን አገኘነው። ክሊፎርድ ምድጃው አጠገብ፣ ቀዩ ቦርሳው እግሩ ሥር እንዳለ፣ ባለበት ቦታ እግሩን እያነሳ ይጥላል። ቅንድቡ በአመዳይ ነጥቷል። ከቦርሳው አንድ ክንድ አልራቀም።

«ቆየሽ» አላት። እኔን አላየኝም እንኳ።

«ለምን አልጮህክም? ለምን አልተከተልከንም?» አልኩት።

«ምን ያስጮኸኛል? ቦርሳዬን አስቀምጫለሁ እኮ። ጭራ ቦርሳ አልፎ አይሄድም። ከዚህ ብንቀሳቀስ እሷ ስትመጣ ምን ልታገኝ ነው?»

ይህን ሲል ኤኒድ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጓንቷ ሥር ሆና፣ «አልፌህ ሄጃለሁ ክሊፎርድ» አለች። «ቦርሳህን አላየሁትም። ዓይኔ አያይም፤ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ልትቀር ትችል ነበር።»

ክሊፎርድ ነገር ለማሰብ ጊዜ የሚወስድ ሰው ነው። ቦርሳውን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ማሰሪያውን አጠበቀ።

«ታዲያ አሁን ማነው የመጣው?» አለ። «በይ እንሂድ፤ እግሬ ደንዝዟል።»

የሞሪን ፊሽካ ጠራን፤ ሄድን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ሁሉም ተነስቶ ቆመ። ሞሪን ክሊፎርድን አቅፋ፣ «ይህን ጉልበትህን ዘይት የሚቀባ ሰው ካገኘሁ እገለዋለሁ!» ብላ አለቀሰች። ናይጀል የቀረችውን ትኩስ ሻይ ከፔርሙዙ ቀድቶ ሰጠው። ከዚያ የመጨረሻውን አቀበት ተያያዝነው። ኤኒድ እንደ ልማዷ ከኋላ ሆነች፤ ማንም ተይ አላላትም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ጫፉ ላይ ስንወጣ ጉሙ ከእግራችን በታች ቀረ። ሰዉ አንድ በአንድ እየወጣ፣ አንድ በአንድ ዝም አለ። ሸለቆው፣ መንደሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ፣ ሁሉም በነጭ ባሕር ተውጧል፤ የማውቃቸው ኮረብታዎች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ደሴት ሆኖ ቀርቷል። ልትጠልቅ የተቃረበችው ፀሐይ ያን ሁሉ ነጭ ሮዝ አድርጋዋለች። ስልሳ ሦስት ዓመት ኖሬበት የእኔ አገር አልመስለኝ አለ። ይህን ለማየት የበቃሁት ምን አድርጌ ነው አልኩ።

ኤኒድ ደርሳ አጠገቤ ቆመች። «ምን አገኛችሁ ዝም ያላችሁት?»

«ታዪዋለሽ?»

«ዳሩ ይታየኛል፤ ሮዝ ነው። መሃሉን አንተ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ሰዓትና ቁጥር እንጂ ሌላ ጽፌ የማላውቅ ሰው፣ የትኛው ጫፍ የትኛው ኮረብታ እንደሆነ፣ ጉሙ የት ጋ እንደሚንቀሳቀስ፣ የአንድ ቤት ጭስ ነጩን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ እንደወጣ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «አሁን ደግሞ ሳንዱችህን አንብብልኝ» አለች።

ደብዳቤውን አወጣሁ። አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩላት።

«ቀኑ የመቼ ነው?»

«የሐሙስ።»

«ዛሬ ጠዋት ልትሰጠኝ ነበር?»

«ነበር። ፈራሁ።»

«ጠዋት ሰጥተኸኝ ቢሆን ዛሬ ዓይን ያለው ሰው ከኋላ ይሆን ነበር» አለች። «ቦርሳውን ያየው ነበር። እኔም ሁለት ዓመት ፈራሁ፣ አንተም አንድ ጠዋት ፈራህ። ክሊፎርድ ብቻ ነው ያልፈራው።»

ሞሪንን ጠርታ ፊሽካዋን ተቀበለች፤ ፊቴ ስለማይታያት በእጇ ፈልጋ አንገቴ ላይ አጠለቀችው።

«ወደ ኋላ ና» አለች። «እኔ ከፊትህ እሆናለሁ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ በነበረው እሑድ ሞሪን ካርታውን ይዛ መራች። ናይጀልም መጣ፤ በዚህ ጊዜ ስሙን አስቀድሞ ለሁሉም ተናግሮ። እኔ ከሁሉ ኋላ ነበርኩ። ከፊቴ ኤኒድ፣ ከእሷ ፊት ክሊፎርድ በቀጭ ቀጩ። የመጀመሪያውን በር ሁሉም ካለፉ በኋላ ገፍቼ ዘጋሁና ተከተልኳቸው።

ኤኒድ ቆመች። አልዞረችም።

«በሩ» አለች።

«ዘግቼዋለሁ።»

«ገፍተኸዋል። ሰንሰለቱ ሲገባ አልሰማሁም።»

ተመልሼ ሄድኩ። ሰንሰለቱ መንጠቆው ጋ ሳይደርስ በጣት ስፋት ጎድሎ ተንጠልጥሏል። ስቤ አስገባሁት። ኤኒድ ድምፁን ሰማችና መንገዷን ቀጠለች።